ልሙጥ የጌጥ ጠጠሮችን ስንመርጥ፦ የኳርትዝ ወገን፣ ባልጩት፣ ኦፓልና ሌሎቹ በንጽጽር

በተሽከርካሪ በርሜል የተለሰለሱ በከፊል የከበሩ ድንጋዮች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ፊት የቆመ ገዢ የሚቸገረው ሁሉም ጠጠሮች እኩል ስለሚያምሩበት ነው። ሐምራዊውም፣ ቀዩም፣ ዥጉርጉሩም፣ ጥቁሩም ውኃ የነካው ይመስል ያበራል፤ ሁሉም ለእጅ ይለሰልሳል፤ መጠናቸውም በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዓይን የሚለይበት ምልክት ያጣል። ልዩነቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አንዱ እንደተገዛበት ቀን ሲያበራ ሌላው ደብዝዞ፣ ሌላው ደግሞ ቀለሙን በሸሚዝ እጅጌ ላይ ትቶ ይገኛል።

የዚህ እኩልነት ምክንያት አሠራሩ ነው። ጥሬው ድንጋይ ከውኃና ሸካራ ከሆነ የሲሊከን ካርባይድ ዱቄት ጋር በርሜል ውስጥ ገብቶ ሌሊትና ቀን ይሽከረከራል። ሹል ጠርዙ ሲጠፋ ታጥቦ በደቃቁ ዱቄት፣ ቀጥሎም ከዚያ በደቀቀው ይሽከረከራል፤ በመጨረሻ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም በሴሪየም ኦክሳይድ ይወለወላል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ ሥራው በጠቅላላው አንድ ወር ያህል ይወስዳል። ወንዝ በረጅም ዘመን የሚሠራውን በርሜሉ በአንድ ወር ይጨርሰዋል ማለት ነው። ታዲያ ማንኛውም ጠጠር በዚህ መንገድ ሲያልፍ የላይ ገጹ ስለሚያምር፣ መልኩን ብቻ አይቶ መግዛት የወልዋዩን ሥራ እንጂ የድንጋዩን ጠባይ መግዛት አይደለም። ከዚህም በላይ፣ በራሳቸው ማብራት የማይሆንላቸውን ለስላሳ ድንጋዮች በሰም ወይም በቫርኒሽ ቀብተው የሚያቀርቡ ነጋዴዎች አሉ።

አስቀድመን መመዘኛዎቹን እንያዝ

የመጀመሪያው መመዘኛ የጭረት ጥንካሬ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያዘጋጀው ከ1 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ ዛሬም ያገለግላል፤ በዚህ መለኪያ ጥፍር 2.5 ያህል፣ የመስኮት መስታወትና የቢላዋ ብረት 5.5 ገደማ፣ ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ደግሞ 7 ነው። ለጠጠር ገዢ ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ይህ 7 ነው። በቤታችን የሚቦንነው አቧራ ደቃቅ የኳርትዝ ብናኝ ስላለበት፣ ከ7 በታች የሆነ ድንጋይ በደረቅ ጨርቅ በተወለወለ ቁጥር በዓይን የማይታይ ጭረት እየተጠራቀመበት ይሄዳል። አብረቅራቂነቱን የሚያጣውም በአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን በዚህ ቀስ በቀስ በሚደርስ ጉዳት ነው።

ጭረትን መቋቋምና ምትን መቋቋም ግን አንድ አይደሉም። አንዳንድ ማዕድናት በውስጣቸው ተፈጥሯዊ የመሰንጠቂያ ገጽ ስላላቸው ሲወድቁ በዚያ ገጽ ቀጥ ብለው ይለያያሉ፤ ሌሎች እጅግ በደቀቁ ፍሬዎች የተጠላለፉ ስለሆኑ ምት አይበግራቸውም። ስለዚህ አምባር ወይም ቀለበት የሚሠራ ሰው ሁለቱንም መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው የቀለሙ ምንጭ ነው። ቀለሙ ከማዕድኑ የኬሚካል ይዘት የመጣ ከሆነ ይዘልቃል፤ በተፈጥሮ ጨረር የመጣ ከሆነ ፀሐይ ሊያጠፋው ይችላል፤ በሰው እጅ የተነከረ ከሆነ ደግሞ ሳሙናና ላብ ያወርዱታል። ከዚህ ጋር ድንጋዩ ፈሳሽ የሚመጥ መሆን አለመሆኑ፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ቢነካው የሚጎዳ መሆኑ፣ በመስታወት ወይም በርካሽ ድንጋይ በቀላሉ የሚተካ መሆኑም ይታያል። ዋጋን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከእነዚህ ጠጠሮች አብዛኞቹ ውድ ስላልሆኑ ስህተቱ የሚፈጠረው ብዙ ጊዜ በዋጋ ሳይሆን ለማይሆን ሥራ በመግዛት ነው።

የኳርትዝ ወገን

በገበያ ላይ ከሚገኙት ልሙጥ ጠጠሮች አብዛኞቹ የዚህ ወገን ናቸው፤ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደሉም። በዮሐንስ ራእይ ከተዘረዘሩት 12 የከበሩ ድንጋዮች 6ቱ፣ ማለትም ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን፣ ሰርዶንክስ፣ ሰርድዮን፣ ክርስጵራስስና አሜቴስጢኖስ፣ በዛሬው የስም አጠራር ሁሉም ኳርትዝ ናቸው። ነጋዴዎቻችን ከእንግሊዝኛ የመጡትን ስሞች ስለሚጠሩ እንጂ ብዙዎቹን በስም እናውቃቸዋለን። የወገኑ የጋራ ጠባይ ከ6.5 እስከ 7 የሚደርስ ጥንካሬ፣ የመሰንጠቂያ ገጽ ያለመኖርና ለውኃ ደንታ ቢስ መሆን ነው።

ወገኑ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው በግልጽ ክሪስታል የሚያድገውና ብርሃን የሚያሳልፈው ነው። አሜቴስጢኖስ፣ በገበያ አሜቲስት የሚባለው፣ ከገረጣ ወይን ጠጅ እስከ ጥልቅ ሐምራዊ ይደርሳል፤ በአንድ ጠጠር ውስጥ ቀለሙ በአንድ በኩል ጠቆር፣ በሌላ በኩል ነጣ ማለቱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉድለት ሳይሆን የእውነተኛነት ምልክት ነው። ሐምራዊነቱ የሚመጣው በውስጡ ያለው ጥቂት ብረት በምድር ውስጥ ለተፈጥሮ ጨረር ሲጋለጥ ነው፤ በዚህም ምክንያት ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይገረጣል። በመስኮት ደፍ ላይ በሳህን ያስቀመጥኳቸው አሜቲስቶች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ከላይ ያሉት ከሥር ካሉት ጋር ወንድማማች አይመስሉም ነበር። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ብርቱካንማ ይለወጣል። በገበያ ሲትሪን ተብሎ ከሚሸጠው አብዛኛው እንዲህ የሞቀ አሜቲስት ነው። የተፈጥሮው ሲትሪን ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ እንደ ቀጭን ጠላ ያለ ቢጫ ሲሆን፣ የሞቀው ግን ወደ ብርቱካን ይበልጥ ያዘነብላል፤ ብዙ ጊዜም ግርጌው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሞቀው መጥፎ ድንጋይ አይደለም፣ ቀለሙም ይዘልቃል፤ ሆኖም በተፈጥሮው ሲትሪን ዋጋ መከፈል የለበትም።

ሮዝ ኳርትዝ ጭጋጋማ ሮዝ ነው፤ ጭጋጉ በውስጡ ከተበተኑ እጅግ ደቃቅ ጭረሮች፣ ማለትም ክር መሰል ማዕድናት፣ የሚመጣ ስለሆነ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ሮዝ ጠጠር ሲቀርብ መጠራጠር ይገባል። ጢስማው ኳርትዝ ከቀጭን ሻይ ቀለም እስከ ጥቁር ቡና ይደርሳል። ንጹሑ ኳርትዝ ቀለም የለውም፤ በውስጡ የሚታዩት ደመናና ስንጥቆች በብርሃን ላይ ቀስተ ደመና ስለሚፈጥሩ ብዙ ሰው ከጥርቱ ይልቅ ይወዳቸዋል። አንድ ነገር ልብ ይባል፦ በውስጡ ፍጹም ክብ አረፋ ያለው ጠጠር ኳርትዝ ሳይሆን መስታወት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ፍሬው በዓይን የማይታየው ኬልቄዶንና ዘመዶቹ ናቸው። እንደ እኔ አስተያየት ለዕለታዊ አገልግሎት ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ክፍል ነው፤ ጭረትንም ምትንም አብሮ የሚችል ሌላ ርካሽ ድንጋይ ማግኘት ይከብዳልና። አጌት እንደ ዛፍ ዓመታዊ ክብ የተደራረቡ መስመሮች አሉት፤ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቡናማና ቀይ የተፈጥሮ ቀለሞቹ ናቸው። ሞስ አጌት የሚባለው በውስጡ የበቀለ ሣር ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ያለበት ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሥዕሉን የሠራው የብረትና የማንጋኒዝ ማዕድን እንጂ ተክል አይደለም። ሰርድዮን ወይም ካርኔሊያን ከብርቱካን እስከ ደም ቀይ የሚደርስ ከፊል ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ወደ መብራት ሲያዞሩት ጠርዙ እንደ ፍም ይቀላል። ኢያስጲድ ደግሞ በውስጡ ብዙ ባዕድ ማዕድን ስለያዘ ብርሃን ፈጽሞ አያሳልፍም፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እየሆነ አንዳንዱ የበረሃ መልክዓ ምድር የተሣለበት ይመስላል።

የዚህ ክፍል ደካማ ጎን ቀለም መቀበሉ ነው። ኬልቄዶን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ በጀርመን የኢዳር-ኦበርሽታይን ባለሙያዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አጌትን በማቅለም ታዋቂ ሆነዋል፤ ጥቁር ኦኒክስ የሚባለው ብዙው ግራጫ አጌት በስኳር ውኃ ተዘፍዝፎ ስኳሩ በሰልፈሪክ አሲድ እንዲከስል የተደረገ ነው። ስኳሩ ከድንጋዩ ውስጥ ከስሎ ስለሚቀር ጥቁሩ አይለቅም። ደማቅ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝና ደማቅ አረንጓዴ መስመር ያለው አጌት ግን የተነከረ መሆኑን ገዢው አውቆ ይግዛ፤ በተለይ ሮዙ በፀሐይ ይለቃል።

የነብር ዓይን የሚባለው ወርቃማ ቡናማ ጠጠርም ኳርትዝ ነው፤ ታዋቂው መገኛው የደቡብ አፍሪካ ሰሜን ኬፕ ነው። በውስጡ የተደረደሩ ጭረሮች ብርሃንን ስለሚያንጸባርቁ ጠጠሩ ሲዞር የሐር ጨርቅ የመሰለ የብርሃን መስመር በላዩ ይንሸራተታል። በማሞቅ ቀይ ይሆናል። ለተለሰለሰው ጠጠር አደጋ የለውም፤ ጥሬውን በደረቁ መቁረጥ ግን የሳንባ ጠንቅ ነው።

ባልጩት

ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቅልጥ ዓለት ክሪስታል ሳይሠራ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በስምጥ ሸለቆ በብዛት አለ። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው ገደሞታ ከ250,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚገኙት መልካ ቁንጥሬና ባልጪትም እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የቦታው ስምና የድንጋዩ ስም መቀራረብ በራሱ ብዙ ይናገራል።

መልኩ ጥልቅ ጥቁር ነው፤ ቀጭኑ ጠርዝ ወደ ብርሃን ሲዞር ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ያሳልፋል። የበረዶ አበባ የሚባለው ዓይነት በጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች የተበተኑበት ነው። ጥንካሬው ከ5 እስከ 5.5 ብቻ ስለሆነ ከኳርትዝ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ከተቀመጠ ይጫራል፤ ሲወድቅም እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፣ ስባሪውም እጅ ይቆርጣል። በጥቁርነት ከኦኒክስ ጋር ለሚያነጻጽር ሰው መልሴ ቀላል ነው፦ ለጣት ቀለበት ኦኒክስ፣ ለአንገትና ለማስታወሻ ባልጩት።

ሰማያዊና አረንጓዴ ድንጋዮች

ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ በላፒስ ላዙሊና በሶዳላይት መካከል ይዋልላል። ላፒስ የአፍጋኒስታን ባዳክሻን ድንጋይ ነው፤ ጥንታውያን ሰንፔር ብለው የጠሩትም ወርቅ የተረጨበትን ይህንኑ ሰማያዊ ድንጋይ እንደነበር ይታመናል። የወርቅ ብናኝ የሚመስለው ፒራይት የተባለ ማዕድን ነው። ሶዳላይት ሰማያዊነቱ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ነጫጭ ሥሮች አሉት፣ ፒራይት ግን እምብዛም አይታይበትም፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። ሁለቱም ከ6 አይበልጡም። ርካሽ ላፒስ ሲቀርብ በጥጥ ላይ ጥቂት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አድርጎ ከማይታየው በኩል ማሸት ይበቃል፤ ጥጡ ሰማያዊ ከሆነ ድንጋዩ የተነከረ ነው።

አማዞናይትና ላብራዶራይት ፌልድስፓር የተባለው የማዕድን ወገን ናቸው፤ ጥንካሬያቸው ከ6 እስከ 6.5 ነው። የመጀመሪያው ነጭ ሥር ያለበት ሰማያዊ አረንጓዴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግራጫ መስሎ ቆይቶ በአንድ ማዕዘን ሲዞር ሰማያዊና ወርቃማ ብርሃን ይረጫል። ሁለቱም የመሰንጠቂያ ገጽ ስላላቸው ከሲሚንቶ ወለል ይጠበቁ።

ማላካይት አረንጓዴ በአረንጓዴ የተደራረበ፣ በመልኩ ተወዳዳሪ የሌለው ድንጋይ ነው፤ የመዳብ ካርቦኔት ስለሆነ ግን ከ3.5 እስከ 4 ብቻ ይጠነክራል፣ ሎሚ ይበላዋል፣ ብናኙም መርዛማ ነው። በመጠጥ ውኃ ውስጥ ጠጠር መዘፍዘፍ የሚወዱ ሰዎች ማላካይትን ፈጽሞ እንዳይነኩት አጥብቄ እመክራለሁ። ፍሎራይት ሐምራዊና አረንጓዴ ሽንትር ያለው ጥርት ያለ ድንጋይ ነው፤ ጥንካሬው 4፣ የመሰንጠቂያ አቅጣጫው አራት ስለሆነ ለሳህን ጌጥ እንጂ ለአካል ጌጥ አይሆንም። ቱርኩይዝ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ልሙጥ ጠጠር በብዛት ሃውላይት የተባለ ነጭ ድንጋይ ተነክሮ ነው።

ሄማታይት ብረታማ ግራጫ ጥቁር ሲሆን ክብደቱ ከእኩያው ኳርትዝ እጥፍ ገደማ ነው፤ ባልተቀባ የሸክላ ንጣፍ ጀርባ ላይ ሲሰመር ቀይ ቡናማ ይጽፋል። ማግኔትን አጥብቆ የሚስበው ግን የፋብሪካ ሥራ ነው።

ኦፓል

የወሎው ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ የኢትዮጵያ ስም በዓለም የድንጋይ ገበያ ላይ ከዚህ ድንጋይ ጋር ተያይዞ ይነሳል። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ የታወቀው የመንዝ ግሼ ኦፓል ቡናማ መደብ ያለው ሲሆን፣ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ገዢ ሸሽቶት ነበር። የወሎው ከነጭ እስከ ማር ቢጫ ባለው መደቡ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብልጭታ ያዘለ ነው። ይህ ብልጭታ ቀለም አይደለም፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ ያነሱ የሲሊካ እንክብሎች በሥርዓት ተደርድረው ብርሃኑን ስለሚበትኑት የሚፈጠር ነው። ብልጭታ የሌለው ተራ ኦፓልም አለ፤ በልሙጥ ጠጠር መልክ ርካሽ ሆኖ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ገዢዎችን ከሁሉ የሚያስደነግጠው የወሎ ኦፓል ውኃ መምጠጡ ነው። ውኃ ውስጥ ሲገባ እየጠራ ሄዶ ብልጭታው ይጠፋል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ከቀናት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ጠባዩ ነው፤ ንጹሕ ውኃም አያበላሸውም። የሚያበላሸው ዘይት፣ ሽቶ፣ ቀለም ያለው ሳሙናና በፀሐይ ወይም በምድጃ አጠገብ በድንገት ማድረቅ ነው። ጠጠሩ ፈሳሽ ስለሚመጥ በስኳርና በአሲድ፣ ወይም በጢስ፣ ጥቁር እንዲሆን ይደረጋል። ስታይሽ በተባለው የወሎ ቦታ በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓልም ስለሚገኝ ጥቁር ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም በጥቁር ኦፓል ላይ ስለ አሠራሩ በጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። በክብደት የሚሸጥ ኦፓል ደግሞ ደርቆ መመዘኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ኦፓላይት» የሚባለው ወተትማ ሰማያዊ ጠጠር በአብዛኛው ተራ መስታወት ሲሆን፣ የወርቅ ብናኝ ያለበት «ጎልድስቶን»ም እንዲሁ መስታወት ነው።

የንጽጽር ሰንጠረዥ

| ድንጋይ | መልክ | ጥንካሬ | ምትን መቋቋም | ፀሐይ | ውኃ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አሜቲስት | ሐምራዊ፣ አሳላፊ | 7 | ደህና | ይገረጣል | አይጎዳውም | ዝቅተኛ–መካከለኛ |
| ሮዝ ኳርትዝ | ጭጋጋማ ሮዝ | 7 | ደህና | ሊገረጣ ይችላል | አይጎዳውም | ዝቅተኛ |
| አጌት፣ ሰርድዮን፣ ኢያስጲድ | ባለ መስመር፣ ቀይ፣ ዥጉርጉር | 6.5–7 | በጣም ጥሩ | ካልተነከረ ይዘልቃል | አይጎዳውም | ዝቅተኛ |
| የነብር ዓይን | ወርቃማ፣ ሐርማ | 6.5–7 | ጥሩ | ይዘልቃል | አይጎዳውም | ዝቅተኛ |
| ባልጩት | ጥልቅ ጥቁር | 5–5.5 | ደካማ | ይዘልቃል | አይጎዳውም | ዝቅተኛ |
| ላፒስ ላዙሊ | ሰማያዊ፣ ወርቅማ ነጥብ | 5–5.5 | መካከለኛ | ይዘልቃል | አሲድ ይጎዳዋል | መካከለኛ–ከፍተኛ |
| ላብራዶራይት | ግራጫ፣ ብልጭታ ያለው | 6–6.5 | መካከለኛ | ይዘልቃል | አይዘፍዘፍ | መካከለኛ |
| ማላካይት | አረንጓዴ ሽንትር | 3.5–4 | ደካማ | ይዘልቃል | ፈጽሞ አይዘፍዘፍ | መካከለኛ |
| ፍሎራይት | ሐምራዊና አረንጓዴ | 4 | በጣም ደካማ | ሊገረጣ ይችላል | አይዘፍዘፍ | ዝቅተኛ–መካከለኛ |
| የወሎ ኦፓል | ባለ ብልጭታ | 5.5–6.5 | መካከለኛ | ሙቀት ይጎዳዋል | ውኃ ይመጥጣል | መካከለኛ–በጣም ከፍተኛ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

በየቀኑ የሚደረግ አምባር ወይም ቀለበት የሚሠራ ሰው ከኬልቄዶን ክፍልና ከነብር ዓይን አይውጣ፤ ኢያስጲድ፣ ሰርድዮን፣ አጌትና የነብር ዓይን በትንሽ ገንዘብ ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ለመስኮት አጠገብ ሳህን ከአሜቲስትና ከሮዝ ኳርትዝ ይልቅ ቀይ ኢያስጲድና ጢስማ ያልሆነው ንጹሕ ኳርትዝ ይመረጡ። ለዓሣ ገንዳ ያልተነከረ አጌትና ኢያስጲድ ብቻ ይግቡ፤ ማላካይት፣ ላፒስና ሄማታይት ከደጅ ይቆዩ።

የተፈጥሮ ሳይንስ መምህር አነስተኛ በጀት ካለው፣ ውድ ጠጠር ሳይፈልግ አራት ብቻ ቢገዛ በቂ ነው፦ ፍሎራይት፣ ባልጩት፣ አማዞናይትና ኳርትዝ። ተማሪዎቹ አንዱን በአንዱ እየጫሩ የሞህስን መለኪያ ከ4 እስከ 7 በእጃቸው ያገኙታል፤ ሄማታይት ከተጨመረ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ቀይ ሲጽፍ ያያሉ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ባለበት ቤት ግን እነዚህ ጠጠሮች ሁሉ የመታነቅ አደጋ ስላላቸው ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጡ።

ከአገር ቤት ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ ወይም ወደ ዱባይ ስጦታ የሚልክ ሰው ሁለት መንገድ አለው። በጀቱ ጠባብ ከሆነ የስምጥ ሸለቆ ባልጩት በለስላሳ ጨርቅ ለብቻው ተጠቅልሎ ይላክ፤ ከአገሩ ጋር ያለው ቁርኝት የጠለቀ ነው። ገንዘቡ ከፍ ካለ፣ ከብዙ ትንንሽ ኦፓሎች ይልቅ አንድ ብቻ፣ ደርቆና በቀን ብርሃን ታይቶ፣ ከየአቅጣጫው ሲዞር ብልጭታው የማይጠፋው ይመረጥ፤ ከስጦታው ጋርም ሽቶና ቅባት እንዳይነካው፣ ውኃ ቢነካው ደግሞ በጥላ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ይግባ።